በቻርቱ ላይ ሁሉም ታካሚ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፦ የሕይወት ምልክቶችን በሰሜን ሸዋ ደጋና ቆላ መለካትና መተርጎም

መምህርት፣ ደብረ ብርሃን (ክሩን የጀመረች)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣

የነርሲንግ ተማሪዎችን ይዤ በተኝቶ መታከሚያ ክፍሎች በምዞርበት ጊዜ ደጋግሞ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። የታካሚዎችን ቻርት ስንገልጥ የትንፋሽ ቁጥር በሚመዘገብበት ዓምድ ላይ ከላይ እስከ ታች 20፣ 20፣ 20 ተብሎ ተጽፎ እናገኛለን። በሳንባ ምች ምክንያት መተኛት አቅቷቸው ትራስ ተደግፈው የተቀመጡት አዛውንትም፣ ነገ ወደ ቤቱ የሚሸኘው ወጣትም በወረቀቱ ላይ እኩል ይተነፍሳሉ። የደም ግፊቱም አብዛኛውን ጊዜ በዜሮ የሚያልቅ ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ 36.5። በሌሊት ተረኝነት አንዲት ነርስ ስንት አልጋ እንደምትጠብቅ ስለማውቅ ይህን የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም። ሆኖም ትንፋሽ የታካሚው ሁኔታ ሊባባስ ሲል ቀድመው ከሚለወጡት ምልክቶች አንዱ በመሆኑ፣ ሳይቆጠር የተጻፈ 20 ቦታውን ባዶ ከመተው የከፋ ጉዳት አለው ብዬ አምናለሁ። ባዶ ቦታ ያየ ሐኪም ሄዶ ይቆጥራል፤ 20 ያየ ግን አምኖ ያልፋል።

ሰውነት ኦክስጅን ሲያንሰው፣ ደም አሲድ ሲበዛበት ወይም ኢንፌክሽን ሲስፋፋ ታካሚው በመጀመሪያ የሚቋቋመው ትንፋሹን በማፍጠን ነው፤ በዚያን ጊዜ የደም ግፊቱ ገና ደህና ሊሆን ይችላል። የስኳር ሕመሙ ከቁጥጥር የወጣበት ወጣት በጥልቀትና በፍጥነት ሲተነፍስ በማዳመጫ ብንመረምረው ሳንባው ንጹሕ ነው፤ አደጋውን የሚገልጠው የትንፋሹ ቁጥርና ጥልቀት ነው። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓትና አንድ ሙሉ ደቂቃ ብቻ መሆኑን ሳስብ፣ ከሁሉም ምልክቶች ይልቅ የሚዘለለው እርሱ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ከምንኖርበት አገር አቀማመጥ ጋር የተያያዘ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የምናስተምርባቸው መጻሕፍት የጤነኛ ሰው የኦክስጅን ሙሌት (ደሙ ሊሸከም ከሚችለው ኦክስጅን የተሸከመው ድርሻ) ከ95 እስከ 100 በመቶ ነው ይላሉ፤ ተማሪዎቼ እርስ በርሳቸው ሲለካኩ ግን ምንም ሕመም የሌለባቸው ሆነው 93 እና 92 የሚነበብላቸው ይገኛሉ። እናንተ በየሥራ ቦታችሁ ይህን ቁጥር እንዴት ትተረጉሙታላችሁ? ትንፋሽ በእውነት እንዲቆጠር ለማድረግስ ምን ረዳችሁ?

ጤና መኮንን፣ መሐል ሜዳ

መምህርት፣ ጥያቄውን ስላነሡት አመሰግናለሁ። እኔ የምመልሰው ስለ ትንፋሹ ነው፤ በተለይም ስለ ሕፃናት።

በእኛ አካባቢ ብርዱ ከባድ በመሆኑ ሕፃናት በጋቢና በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ በእናት ጀርባ ታዝለው ነው የሚመጡት። እናት ልብሱን ለመግለጥ ትሰስታለች፤ ክፍሉ ስለሚቀዘቅዝ እውነቷን ነው። ነገር ግን በልብስ ላይ ሆኖ የሚቆጠር ትንፋሽ ግምት እንጂ ልኬት ስላልሆነ፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ እናትን አስቀምጬ፣ ሕፃኑ በእቅፏ እንዳለ ከደረቱ እስከ ሆዱ ብቻ እንድትገልጥ እጠይቃታለሁ። ሕፃኑ እያለቀሰ ወይም እየጠባ ከሆነ መጠበቅ ግድ ነው፤ ተኝቶ ከሆነ እንዳይቀሰቀስ አድርጎ መቁጠር ይቻላል። እንግዲህ ቁጥሩ በዕድሜ ይተረጎማል፦ ከ2 ወር በታች ለሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል። ጨቅላ ሕፃን ትንፋሹ በተፈጥሮው የተዛባ ስለሆነ፣ ከ2 ወር በታች ያለው ሕፃን 60 ከሞላ ወይም ካለፈ እንደገና መቁጠር ያስፈልጋል።

ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት እዚህ ላይ አይመከርም፤ የአንድ ትንፋሽ ስሕተት ሁለት ይሆናል፣ በ48 እና በ50 መካከል ያለው ልዩነትም የመድኃኒት ውሳኔ ነው።

ለአዋቂዎች የምጠቀምበት መንገድ ለብዙዎቻችሁ የታወቀ ነው። የእጅ አንጓ ላይ የልብ ምት ከቆጠርኩ በኋላ እጄን ሳላነሣ የታካሚውን ክንድ በሆዱ ላይ አሳርፌ ትንፋሹን እቆጥራለሁ። ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ያወቀ ሰው ሳያስበው አተነፋፈሱን ይለውጣልና ቀድሞ መንገር አያሻም። ከሩቅ ቀበሌ ሽቅብ በእግሩ የመጣ ሰው ደግሞ ወንበር ላይ ዐርፎ ልቡ እስኪረጋጋ መጠበቅ አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። የትንፋሽ ቁጥር መውረድ ሁልጊዜ መሻል አይደለም። ቀኑን ሙሉ 70 ሲተነፍስ የዋለ ሕፃን ማምሻውን 36 ከሆነ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ደስ ሊለው ይችላል፤ ሕፃኑ ግን ዝሎ፣ ጡት መሳብ አቅቶት፣ የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ እየሰረጎደ ከሆነ ደክሞት ሊያቆም የተቃረበ ነው።

ሐኪም፣ ድንገተኛ ክፍል፣ ሸዋ ሮቢት

በኦክስጅን ሙሌቱ ጉዳይ ጥቂት ልናገር፤ በአንድ ነጥብም ከተለመደው አስተያየት እለያለሁ።

በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በደጋም በቆላም 21 በመቶ ነው፤ የሚለየው የአየሩ ግፊት ነው። በደብረ ብርሃን ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት 85 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ የሰሜን ሸዋ ባለሙያ አንድን የሙሌት ቁጥር ሲያነብ ልኬቱ የተወሰደበትን ቦታ ማወቅ ይኖርበታል። ከእኛ ወደ ደብረ ብርሃን የሚላክ ታካሚ በደብረ ሲና ዳገቱን ወጥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነውን ጣርማ በር ያቋርጣል። ከዚህ ሲነሣ ያለ ኦክስጅን 91 የነበረ ሰው፣ ሕመሙ ቅንጣት ሳይጨምር በዚያ መንገድ ላይ ቁጥሩ ሊያሽቆለቁል ይችላል። በመሆኑም ሙሌቱ በወሰኑ አካባቢ ያለ ታካሚ ስንልክ አምቡላንሱ ውስጥ የኦክስጅን ሲሊንደሩ መሙላቱን የምናረጋግጠው ለታካሚው የአሁን ሁኔታ ብቻ ሳይሆን ለሚጠብቀው ዳገትም ብለን ነው። የተገላቢጦሹም አለ፤ ከደጋ ወርዶ የመጣ ታካሚ እኛ ዘንድ 94 ስለተነበበለት ብቻ ተሽሎታል ማለት አይቻልም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት ኦክስጅን የሚጀመርበትን ወሰን ከ90 በመቶ በታች አድርጎ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ባሉ ቦታዎች 87 እና ከዚያ በታች ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። የምለይበት ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ይህ ዝቅ ያለ ወሰን በደጋ ለሚነበብ ማንኛውም ዝቅተኛ ቁጥር ማመካኛ ሲሆን አያለሁ፤ «ደጋ ስለሆነ ነው» ይባልና ታካሚው ይሸኛል። ሲንቲያ ቤል እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ አማሮች አማካይ የኦክስጅን ሙሌት 95.3 በመቶ መሆኑን፣ በደማቸው ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው የሂሞግሎቢን መጠንም በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል። ይህ የአንድ ማኅበረሰብ አማካይ ነው፤ በየሰውም ይለያያል። ቢሆንም የደጋ ተወላጅ መሆን ብቻውን 88ን እንደ ጤና እንድንቆጥር አያበቃንም። ትንፋሹ 28፣ የልብ ምቱ 115 ሆኖ ሙሌቱ 89 የሆነ አዋቂ ታሟል፤ ትንፋሹ 16፣ የልብ ምቱ 72 ሆኖ 92 የሚነበብለት የደብረ ብርሃን ተማሪ ደግሞ ጤነኛ ነው።

የአራተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በማለዳ ዙር የአንዲት እናት ሙሌት 84 ተነበበልኝ፤ እናቲቱ ግን ቁርሳቸውን እየበሉ፣ ሳያቋርጡ እየተጫወቱ ነበር። ጣቶቻቸው እጅግ የቀዘቀዙ፣ ጥፍሮቻቸውም በእንሶስላ የቀሉ ናቸው። እንዲህ ባለ ጊዜ ቁጥሩን እንዳለ መመዝገብ ይገባል ወይስ እንደገና መለካት?

መምህርት፣ ደብረ ብርሃን

ልጄ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ታካሚዋን ማየትሽ ትክክል ነው። ሙሌትን የሚለካው መሣሪያ፣ ኦክሲሜትሩ፣ ቀይና ከዓይን የተሰወረ ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ የሚመታውን ደም ያነብባል፤ ጣት በብርድ ምክንያት ደም ሲያጥረው የሚያነበው ነገር ያጣል፣ በጥፍር ላይ ያለ ጥቁር ወይም ደማቅ ቀለምም ብርሃኑን ሊጋርድ ይችላል። በመሆኑም መሣሪያው የሚያሳየውን የልብ ምት በእጅ አንጓ ከቆጠርሽው ጋር አስተያዪ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ የሙሌቱም ቁጥር አይታመንም። ከተስማሙም እጃቸውን አሙቀሽ፣ በሌላ ጣት ወይም በጆሮ ጫፍ ላይ አድርገሽ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቀሽ ደግመሽ ለኪ። ግፊት በምትለኪበት ክንድ ላይ ኦክሲሜትር አታድርጊ፤ በክንድ ላይ የሚታሰረው የግፊት መለኪያ ከረጢት (ካፉ) ሲነፋ ደሙ ስለሚቋረጥ ንባቡ ይጠፋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም 84 ከሆነ ግን እንደ እውነተኛ ቁጥር ተቀብለሽ ወዲያውኑ ለሐኪሙ አሳውቂ፤ መጫወታቸው ብቻውን አያዘናጋሽ።

በተቃራኒው አቅጣጫም መሣሪያው ሊያሳስት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከአሜሪካ የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 እያሳየ ትክክለኛው ሙሌት ከ88 በታች የሆነባቸው ታካሚዎች በጥቁሮች ዘንድ ከነጮች ሦስት እጥፍ ገደማ ነበሩ። እኛ ይህን ማወቅ ከማንም በላይ ያስፈልገናል።

ነርስ፣ ድንገተኛ ክፍል

ስለ ኦክሲሜትር ከተነሣ በብርድ ወራት የሚያጋጥመን አንድ ጉዳይ ሳይነገር እንዳይቀር እፈልጋለሁ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሰው ሌሊት ለመሞቅ ከሰል ያቀጣጠለበትን ማንደጃ ይዞ ክፍሉን ዘግቶ ይተኛል፤ ቡና ተፈልቶ ያለቀበትንም ከሰል ወደ መኝታ ክፍል የሚያስገባ አለ። ጠዋት ራሱን ስቶ ወይም ራስ ምታትና ማስታወክ ይዞት ይመጣና ኦክሲሜትሩ ሲደረግለት 98 ይነበባል። መሣሪያው በከሰል ጭስ ውስጥ ያለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተሸከመውን ደም ኦክስጅን ከተሸከመው ለይቶ ማየት አይችልም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ታካሚ ታሪኩ ከተገኘ በመሣሪያው ቁጥር ላይ ሳንመሠረት ከፍተኛ ኦክስጅን በጭንብል እንሰጠዋለን። ጋዙ ከደም ውስጥ በግማሽ እንዲቀንስ በተራ አየር ከ4 እስከ 5 ሰዓት ሲፈጅ፣ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን አንድ ሰዓት ከግማሽ ገደማ ይበቃዋል። ያመጡትን ሰዎች «በቤት ውስጥ ሌላ የሚያመው አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ የምርመራው አካል ነው፤ ልጆች እዚያው ቀርተው ሊሆን ይችላልና።

አዋላጅ ነርስ፣ ደብረ ሲና

እናቶችን በተመለከተ የደም ግፊት ልኬት ትልቁ ጭንቀቴ ነው። በብርድ አገር ነፍሰ ጡሯ ሹራብ፣ በላዩ ቀሚስ፣ ከዚያም ነጠላ ወይም ጋቢ ደርባ ትመጣለች። ጊዜ ለመቆጠብ እጅጌውን ወደ ላይ እንጠቀልለዋለን፤ የተጠቀለለው ልብስ ክንዱን አንቆ ይይዘዋል፣ በሹራብ ላይ የታሰረ ካፍም ትክክል አያነብም። ክንድ ሙሉ በሙሉ ከልብሱ ወጥቶ፣ እናት ጀርባዋን ተደግፋ፣ እግሯን ሳታነባብር መሬት አስረግጣ፣ ሽንቷን ሸንታ፣ ለ5 ደቂቃ ያህል ጸጥ ብላ ተቀምጣ፣ ክንዷ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ዐርፎ መለካት አለበት። ክንድ ከልብ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢንጠለጠል ንባቡ 7 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ከፍ ይላል፤ ይህ ልዩነት 134ን ወደ 142 የሚያሻግር ነው። በጎኗ በተኛች እናት ላይ ደግሞ የላይኛው ክንድ ከልብ ከፍ ስለሚል ንባቡ በሐሰት ዝቅ ይላል።

ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊቷ 140/90 እና ከዚያ በላይ የሆነች እናት በሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን መኖሩ ይመረመራል፤ 160/110 ከደረሰ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ደግሞ ለክቶ ሕክምና መጀመር ነው እንጂ ቀጠሮ አይሰጥም። ከዚህ በታች ያለውም ቢሆን ከቀድሞዋ ጋር ይመዘናል። በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ክትትሎች 95/60 የነበረች ቀጭን ወጣት በስምንተኛው ወር 132/86 ሆና ራሴን ያመኛል፣ ዓይኔ ይብረቀረቅብኛል፣ ከእንብርቴ በላይ ይወጋኛል ካለች «ደህና ነው» ብዬ አልሸኛትም።

ከወሊድ በኋላም የሚያታልለን ይኸው ግፊት ነው። ጤነኛ ወጣት እናት ብዙ ደም እስኪፈሳት ድረስ ግፊቷን ይዛ ትቆያለች፤ ቀድሞ የሚናገረው የልብ ምቷ ነው። የልብ ምቱን ለላይኛው ግፊት ማካፈል ቀላል ዘዴ ነው። የልብ ምቷ 110፣ የላይኛው ግፊቷ 100 ከሆነ ውጤቱ 1.1 ነው፤ ከወለደች እናት ዘንድ 0.9 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ደም እየፈሰሰ እንደሆነ ወስዶ ማሕፀኗንና ከሥሯ ያለውን ጨርቅ መመርመር፣ እርዳታም መጥራት ያስፈልጋል። ግፊቷ 100/60 ነው ተብላ የተተወች እናት በአንድ ሰዓት ውስጥ ወዴት እንደምትደርስ ይህን ሥራ የሠራ ሁሉ ያውቃል።

የታካሚ ልጅ፣ እነዋሪ

የጤና ባለሙያ አይደለሁም፤ ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። አባቴ የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። በቤት የምንለካው በእጅ አንጓ ላይ በሚታሰር መሣሪያ ነው፤ ጤና ጣቢያ ከሚለካው ጋር አይገጥምም። በዓቢይ ጾም ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ይቆዩና ከተቀመጡበት ሲነሡ ዓይናቸውን ጭልም ይልባቸዋል። መድኃኒቱን እናቁም ወይ?

ሐኪም፣ ድንገተኛ ክፍል፣ ሸዋ ሮቢት

ወንድሜ፣ ጥያቄው ለዚህ ክር የሚገባ ነው፤ ይቅርታም አያሻውም። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ፤ ነገር ግን የጾሙን ጊዜ ሳይጠብቁ አባትዎን ይዘው ወደሚከታተላቸው ሐኪም ይሂዱ። ሲነሡ ዓይን ጭልም ማለት በተቀመጡበት በሚለካ ግፊት ብቻ አይገለጥም። ተኝተው ከተለኩ በኋላ ቆመው በ3 ደቂቃ ውስጥ ደግመው መለካት አለባቸው፤ የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ የመድኃኒቱ መጠን፣ ዓይነት ወይም የሚወሰድበት ሰዓት መስተካከል ይኖርበታል። ለሐኪሙ የጾሙን ሥርዓት በግልጽ ይንገሩት፤ ውኃ ሳይጠጡ የሚውሉ ከሆነም ጭምር። በተለይ ሽንት የሚያበዛ ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ይህ መረጃ ውሳኔውን ይለውጣል።

በአንጓ ላይ የሚታሰረው መሣሪያ እጅ በልብ ትክክል ካልተያዘ በቀላሉ ይሳሳታልና በላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰረውን ቢገዙ ይሻላል። ጠዋት መድኃኒት ከመውሰዳቸው በፊትና ማታ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ሁለት ጊዜ ለክታችሁ ከነቀኑና ከነሰዓቱ በደብተር ብትይዙ፣ ሐኪሙ ከአንድ የክሊኒክ ልኬት ይልቅ ያንን ደብተር ያምናል። ከመለካቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፤ ሲለኩም አያናግሯቸው።

የባዮሜዲካል ባለሙያ

ስለ መሣሪያዎቹ አጭር ነገር። የሰዓት ፊት ያለው የግፊት መለኪያ ካፉ ባዶ ሆኖ ቀስቱ ዜሮ ላይ ካልተቀመጠ ከአገልግሎት ወጥቶ ወደ እኛ ይላክ፤ 8 ላይ የሚቆም ቀስት ያለበትን መሣሪያ «እንቀንስለታለን» እያሉ መጠቀም አይገባም። ቱቦው የሚያፈስ ከሆነ አየሩ በሰከንድ 2 ሚሊ ሜትር እንዲወርድ ማድረግ አይቻልም፤ በፍጥነት ሲወርድ ደግሞ በማዳመጫ የሚሰማው ሰው የደሙ ድምፅ የጀመረበትን ትክክለኛ ቦታ ስለሚያጣ በአቅራቢያው ወዳለው ዜሮ ያጠጋጋዋል። መምህርት ያነሡት በዜሮ የሚያልቅ ግፊት ምንጩ በከፊል እዚህ ነው ብዬ እገምታለሁ። የካፉ ውስጠኛ ፊኛ ስፋቱ የክንዱን ዙሪያ 40 በመቶ፣ ርዝመቱ 80 በመቶ መሆን አለበት፤ ጠባብ ካፍ በወፍራም ክንድ ላይ ከፍ አድርጎ፣ ሰፊ ካፍ በቀጭን ክንድ ላይ ዝቅ አድርጎ ያነብባል። በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ መጠን ያለው ካፍ ብቻ ካለ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

የሜርኩሪ ቴርሞሜትርና የሜርኩሪ ግፊት መለኪያ ስለ ሜርኩሪ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት መሠረት ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንዳይመረቱና እንዳይነገዱ የተወሰነባቸው ናቸው። ቀስ በቀስ ወደ ኤሌክትሮኒክ ስንሸጋገር አውቶማቲክ የግፊት መለኪያ ምቱ በተዛባ ልብ ላይ አስተማማኝ አለመሆኑን አትርሱ። በቁርጥማት ምክንያት የልብ በር (ቫልቭ) የተጎዳባቸው ወጣቶች በአገራችን ብዙ ናቸውና ምታቸው ሲዛባ በእነርሱ ላይ በእጅና በጆሮ መለካት ይሻላል።

ጤና መኮንን፣ መሐል ሜዳ

በዚሁ ላይ፦ ምቱ የተዛባ ታካሚ በአንጓ የሚቆጠረውና በማዳመጫ ደረት ላይ የሚቆጠረው ቁጥር ይለያያል፤ አንዳንዱ ምት ደካማ ስለሆነ አንጓ ሳይደርስ ይቀራል። ሁለቱም ተቆጥረው ቢመዘገቡ መልካም ነው።

ሐኪም፣ የውስጥ ደዌ

ሙቀት እስካሁን ስላልተነሣ ልግባበት። በሰሜን ሸዋ ትኩሳት ሲተረጎም ታካሚው የሰነበተበትን ቦታ መጠየቅ ከቴርሞሜትሩ እኩል ዋጋ አለው። ከመንዝ ለቀን ሥራ ወደ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ወባ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ቆላ ወርዶ የማያውቅ፣ በብርድ ጊዜ ከብዙ ሰው ጋር በአንድ ልብስ ያደረ ደግሞ ተስቦ ወይም በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት ይታሰብለታል። ይህ የመጨረሻው ሕመም የሕይወት ምልክቶችን መከታተል በግልጽ ሕይወት የሚያድንበት ነው። የመጀመሪያው የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ ባሉት ሰዓታት ብርቱ ብርድ ብርድ ማለት ይነሣል፣ ሙቀቱ፣ የልብ ምቱና ትንፋሹ ይወጣሉ፤ ከዚያም ላብ ሲያጠምቀው ግፊቱ ይወድቃል። መርፌውን ወግቶ ማግስቱን መለካት አይበቃም፤ በእነዚያ ሰዓታት በየግማሽ ሰዓቱ ወይም ከዚያ ባጠረ ጊዜ መለካት፣ ፈሳሽም ዝግጁ ማድረግ ይገባል።

ሙቀት አንድ ዲግሪ ሲጨምር የልብ ምት 10 ያህል ይጨምራል። ሙቀቱ 39.5 ሆኖ ምቱ 80 ላይ የቆየ ታካሚ ሲገኝ ታይፎይድን ማሰብ፣ ወይም ልብ የሚያዘገይ መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ትኩሳት አለመኖርም መተማመኛ አይሆንም። ከመምጣቱ በፊት ፓራሲታሞል የወሰደ ሰው 36.9 ሊነበብለት ይችላል፤ ሽማግሌዎችና ምግብ ያጠራቸው ሕፃናት ከባድ ኢንፌክሽን ይዟቸው ሰውነታቸው ቀዝቅዞ ይመጣሉ። ጨቅላ ሕፃን ሙቀቱ ከ36.5 በታች ከሆነ በእናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ አድርጎ ማሞቅና ሌላ የአደጋ ምልክት መፈለግ ነው።

በግንባር ላይ የሚነጣጠረው ቴርሞሜትር በደብረ ብርሃን ማለዳ ከውጭ በገባ ሰው ላይ ቆዳው ስለቀዘቀዘ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ከተጠራጠራችሁ በብብት ለኩ፤ ላቡን ጠርጋችሁ፣ ክንዱን ከደረቱ ጋር አጣብቃችሁ።

መምህርት፣ ደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከተነገረው ውስጥ ለተማሪዎቼ ወዲያውኑ የምወስደው ከቁጥሩ ጎን የሚጻፉትን ነገሮች ነው፦ በተራ አየር ነው ወይስ በኦክስጅን፣ ስንት ሊትር፣ ተቀምጦ ነው ወይስ ተኝቶ፣ በየትኛው ክንድ፣ በየትኛው ከተማ። ሰዓቱም ግልጽ መሆን አለበት። በአንዱ ቻርት ላይ አንዷ ነርስ በአገራችን አቆጣጠር፣ ሌላዋ በፈረንጆቹ ስትጽፍ «6 ሰዓት» እኩለ ቀን ይሁን ማለዳ አይታወቅም፤ የአንድ ታካሚ የልብ ምት በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ88 ወደ 116 ወጣ ወይስ በስምንት ሰዓት ውስጥ የሚለው ደግሞ ሕክምናውን የሚለውጥ ጥያቄ ነው። «ጠዋት 12፡00» ወይም «ከሌሊቱ 9፡00» ብሎ መጻፍ ችግሩን ይፈታዋል።

ከእንግሊዝ የመጣውን፣ እያንዳንዱን የሕይወት ምልክት በነጥብ መዝኖ የሚደምረውን የማስጠንቀቂያ ነጥብ አሰጣጥ ለመጠቀም ለምታስቡ አንድ ጥንቃቄ አለኝ። በ2017 እ.ኤ.አ. በታደሰው ቅጽ ሙሌቱ 92 ወይም 93 የሆነ ሰው 2 ነጥብ፣ 91 እና ከዚያ በታች የሆነ 3 ነጥብ ይሰጠዋል፤ በጠቅላላው 5 ሲደርስ አስቸኳይ የሐኪም ምርመራ፣ 7 ሲደርስ የድንገተኛ እርምጃ ይጠራል። በእኛ ከፍታ አንዳንድ ጤነኛ ሰው ከሙሌቱ ብቻ 2 ነጥብ ይዞ ይጀምራል ማለት ነው። ቅጹን መተው አይገባም፤ የትንፋሹን፣ የምቱንና የንቃቱን ነጥብ ለብቻው ደምሮ ማየት፣ ሙሌቱን ደግሞ ታካሚው ሲገባ ከነበረው ጋር ማስተያየት ይመከራል።

የአራተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ

መምህርት፣ የመጨረሻ ጥያቄ ልጠይቅ። ታካሚው ብዙ ሆኖ ጊዜ ሲያጥር 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ለየትኛው ይፈቀዳል?

ጤና መኮንን፣ መሐል ሜዳ

መምህርት እስኪመለሱ እኔ ልመልስ። ምቱ የተስተካከለ አዋቂ ከሆነ የልብ ምትን 30 ሰከንድ ቆጥረሽ በ2 ማባዛት ይበቃል፤ 15 ሰከንድ ግን አንድ ምት ብትስቺ አራት ይሆንብሻል። ምቱ ከተዛባ፣ ታካሚው ሕፃን ከሆነ፣ ወይም የልብ መድኃኒት ከመስጠትሽ በፊት ከሆነ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ። ትንፋሽ በማንም ላይ ቢሆን ሙሉ ደቂቃ ነው። ጊዜ ካጠረሽ መጀመሪያ በክፍሉ በር ላይ ቆመሽ ማን ተቀምጦ እንደሚተነፍስ፣ ማን ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ እንደሚያቋርጥ፣ ማን ስትጠሪው እንደማይመልስ እዪና ከእነርሱ ጀምሪ፤ የተቀሩት ትንሽ ቢቆዩ አይጎዱም።